ለእመቤታችን ፊት የሚሆን ብሩሽ

ትብለጽ ሰውን የምትመዝነው በያዘው ብሩሽ ነበር። ብሩሽ ያልያዘውንማ ከነጭራሹ አትመዝነውም። ከሥዕል ትምህርት ቤት በማዕረግ ከወጣች ወዲህ ፒያሳ ውስጥ ያልናቀችው ሰው ቢኖር ገና ያላገኘችው ብቻ ነው። በፍየል ቆዳ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል እያባዙ ለቱሪስት የሚሸጡትን ትንቃለች። የሙሽራ ፎቶ ገልብጠው በወርቅማ ፍሬም የሚያስረክቡትን ትንቃለች። በአውደ ርዕይ ምረቃ ላይ ብርጭቆ ጨብጠው «ጥልቀት አለው» የሚሉትን ደግሞ አብልጣ ትንቃለች፤ የፊተኞቹ ቢያንስ ሠርተው ነው የሚያበላሹት። የራሷ ሥዕሎች ሠራተኛ ሰፈር በተከራየቻት አንድ ክፍል ውስጥ እየተደራረቡ አቧራ ይጠጣሉ። የሚገዛቸው አልተገኘም፤ ለዚህም ጥፋተኛው ገዢው ነው።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው የጋሽ ሙደሲር ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ትነታረክ ነበር። ጋሽ ሙደሲር ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሸራና የዘይት ቀለም የሚሸጡ የወሎ ሰው ናቸው። ክሷ አዲስ አይደለም፤ ሱቁ ውስጥ የአሳማ ፀጉር ብሩሽ የለም። የዘይት ቀለም ከባድ ነው፣ እሱን ገፍቶ ሊያስተኛው የሚችለው ጠንካራ ፀጉር ነው፣ ከጠንካራ ፀጉር ደግሞ የአሳማውን የሚያህል እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጋሽ ሙደሲር እንደ ወትሮው ረጋ ብለው መለሱላት። የዚያን እንስሳ ፀጉር ሱቃቸው አያስገቡም። ቢያስገቡም የሚገዛቸው የለም፤ የፒያሳ ሠዓሊ ግማሹ የቤተክርስቲያን ሥዕል ሠሪ ነው፣ በአሳማ ፀጉር መልአክ የሚስል ሰው እስካሁን አላጋጠማቸውም።

«ሁለት ሃይማኖት ተባብሮ አንድ ብሩሽ ከለከለኝ» አለች ትብለጽ።

እሳቸው ሳቁና ወደ መደርደሪያቸው ዞሩ። እውነቱን ለመናገር ብሩሹ አልቸገራትም። ውጭ አገር አውደ ርዕይ ደርሳ የመጣች የክፍል ጓደኛዋ ያመጣችላት እሽግ፣ ገና ከፕላስቲኩ ሳይወጣ በቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሱቁ የምትመጣው ለግዢ ሳይሆን ለንትርክ ነው።

ክርክሩ በረድ እንዳለ አንድ ወጣት ገባ። የባንክ መታወቂያ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ፊት ያሳያል። ትብለጽ እነዚህን ሁሉ እንደ ጥፋት መዘገበቻቸው። ጠንከር ያለ የሥዕል ብሩሽ እንደሚፈልግ ሲናገር ጋሽ ሙደሲር የናይለኖቹን ዘረገፉለት። ልጁ አንዱን አነሳና ጉንጩ ላይ ጫን ጫን አደረገው፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በአገጩ ስር አዞረው። ትብለጽ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ልትስል ነው ወይስ ጢምህን ልትላጭ?»

«አባቴ ናቸው የሚስሉት» አለ፣ ቅር ሳይለው። «እኔማ ክብ እንኳን አይወጣልኝም።»

ስሙ ቃለአብ ነው። ሳትጠይቀው ነገሩን ሁሉ ነገራት። አባቱ መሪጌታ ገብረክርስቶስ ዕድሜ ልካቸውን የቤተክርስቲያን ሥዕል ሲሠሩ ኖረዋል። አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ራሳቸው ከፍየል ፀጉር የሚያስሩት የድሮ ብሩሻቸው ለስላሳ ስለሆነ እያንዳንዷን መንቀጥቀጥ እየተከተለ መስመሩን ያበላሽባቸዋል፤ ናይለኑን ሞክረውት ደግሞ ቀለም አልይዝ አላቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የትውልድ መንደራቸው አዲስ ለተሠራችው ኪዳነ ምህረት፣ የእመቤታችንን ሥዕል ለየካቲቱ ክብረ በዓል ማድረስ አለባቸው። ሐኪሙ መንቀጥቀጡ እንደሚብስ እንጂ እንደማይድን ነግሯቸዋል። ይህ የመጨረሻ ሥዕላቸው ነው።

ትብለጽ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «የቤተክርስቲያን ሥዕል» የሚለውን ብቻ ነበር። ያው የፈጠጠ ዓይን፣ ያው ሰማያዊ መጎናጸፊያ፣ ልጅ ከአባቱ፣ አባት ከአያቱ እየገለበጠ የመጣው ያው አንድ ሥዕል። ነገር ግን ልጁ ያንን ናይለን ከፍሎ ይዞ ሲወጣ ማየት አልቻለችም። ለመጥፎ ሥዕል እንኳን መጥፎ ብሩሽ አይገባውም ብላ ተከትላው ወጣች፤ አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ አስቆመችውና እሽጉን ፈታች። ቀጭኑን፣ መካከለኛውንና ሰፊውን መርጣ እጁ ላይ አኖረችለት።

«እንካ። ያንን መጥረጊያህን ለጫማህ አድርገው።»

ቃለአብ ብሩሾቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያቸው። «የምን ፀጉር ነው? አባቴ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።»

ትብለጽ መልሱን ታውቃለች። ለምን እንደሚጠየቅም ታውቃለች። እጇን ዘርግታ «ተወው፣ ለእሳቸው አይሆንም» ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን አንድ የባንክ ጸሐፊ ፊት ቆማ ስለ አሳማ ማብራራት፣ እሱም ተደናግጦ ብሩሹን እንደ እሳት ሲጥለው ማየት ታከታት። ሁለተኛ ለማታየው ሰው እውነት መናገር ልፋት መሰላት።

«የበሬ ጆሮ» አለችው፣ ፊት ለፊቱን እያየች።

እሱም አመነ። አባቱ ማመስገን ይፈልጋሉና ስልክሽን ስጪኝ አላት፤ እንዲሄድላት ብላ ሰጠችው።

በሳምንቱ ደወለ። አባቱ በደስታ ሊያብዱ ደርሰዋል። ብሩሹ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አብሮ አይንቀጠቀጥም፤ ቀለሙን ጭኖ በቀጥታ ይሄድላቸዋል። «ይህን የመረጠ ሰው እጅ ይባረክ» እያሉ ስለዋሉ ማኪያቶ ልጋብዝሽ አላት። ትብለጽ ሥራ አለኝ ልትል ነበር፤ ሥራ አልነበራትም። ሄደች።

ማኪያቶው ላይ ስኳር እንደ ጉድ ሲጨምር አይታ፣ ስኳሩን ጠጥተህ ስትጨርስ ማኪያቶውን ለብቻው አምጡልኝ ልትል ነው ወይ አለችው። ባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ማየት ምን ያህል እንደሚያደነዝዝ ጠየቀችው። ሸሚዙን ማን እንደሚተኩስለት ጠየቀችው። ቃለአብ ሁሉንም በእርጋታ መለሰና፣ «ሙድ ይዘሽ ከጨረስሽ አንድ እኔም ልጠይቅ» አላት። «እስካሁን አንድ ደግ ነገር የተናገርሽለት ነገር ምንድን ነው? ብሩሽ ካልሆነ።»

ትብለጽ አሰበችና አጣች። እሱ ብርጭቆውን እያዞረ ጎንበስ ሲል እሷ ሽፋሽፍቱን እያየች መሆኗን ደረሰችበትና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከዚያ ወዲያ መገናኘት ለመዱ። አንድ ቀን ስድስት ኪሎ አካባቢ ሰመረ የሚባል ሰው ወደሚያስተዳድረው ጋለሪ፣ ለአውደ ርዕይ ምረቃ ይዛው ሄደች። ያመጣችው በልቧ ልትስቅበት ነበር። ፋራው ምን እንደሚል ለመስማት ጓጉታለች። ቃለአብ ጥቁር ቀለም ብቻ ከተቀባና ከአንድ ጥግ ቀይ ክር ከወረደበት ትልቅ ሸራ ፊት ቆመ። ሰመረ ከኋላቸው ስለ ሥዕሉ ጥልቀት ለእንግዶች ይተነትናል። ቃለአብ በቁም ነገር ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«አላለቀም አይደል?»

ትብለጽ የያዘችውን ጁስ ተፋችው። ለዓመታት ልትለው ፈልጋ ቃል ያጣችለትን ነገር ይህ ሰው በአንድ ትንፋሽ አለው። ከጋለሪው ወጥተው እስከ ፒያሳ በእግራቸው ሲወርዱ፣ ያዩትን ሁሉ በየተራ እያጣጣሉ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አብሮ መናቅ እንዲህ እንደሚያቀራርብ አታውቅም ነበር።

በሌላ ቀን የራሷን ሥዕሎች አሳየችው። አንድ በአንድ እያነሳ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይናገር አያቸው። ትብለጽ በሩ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። «ጎበዝ ነሽ» አላት በመጨረሻ። «ግን ሁሉም ይቆጣሉ። አንድ ነገር ወዶ የሚያውቅ ሰው የሳላቸው አይመስሉም።»

ስለ ሥዕል ምን ታውቃለህ ብላ አባረረችው። ቀኑን ሙሉ ስትሰድበው ዋለች። ሲመሽ ግን የተናገረው ነገር አልወጣ አላት።

መሪጌታ ቤት የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ፒያሳ ሲፈርስ ከተረፉት ግቢዎች ባንዱ፣ በመስኮት አጠገብ ጫማቸውን አውልቀው ይሠራሉ። የላከችላቸውን ብሩሾች በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከሌላው ለይተው አስቀምጠዋቸዋል። ትብለጽ ለሥዕሉ የምትናገረውን ንቀት በመንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ሥዕሉን ስታየው የጠበቀችው ሁሉ አለ፤ ሰማያዊው መጎናጸፊያ፣ ከልክ ያለፉት ረዣዥም ጣቶች፣ ሁሉም። የእመቤታችን ፊት ብቻ ገና ባዶ ነበር። መሪጌታ ፊት የሚሠሩት መጨረሻ ላይ ነው።

«ጣቶቿ አልረዘሙም?» አለቻቸው፣ ራሷን መግታት ሲያቅታት።

«ረዝመዋል» አሉ መሪጌታ ሳይከፉ። «አባቴም አርዝመው ነበር የሚሠሩት። ከየት እንዳመጡት ሳልጠይቃቸው ሞቱ።»

ይህ መልስ ነው እንዴ ብላ በልቧ ናቀቻቸው። ግን ሽማግሌው ሻይ አቅርበውላት፣ «ያንቺንስ ሥራ መቼ ታሳዪኛለሽ ልጄ» ብለው ሲጠይቋት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ ትዝ አላት። ደግማ መጣች። ሰለሰች።

አንድ ምሽት ሳይጨልም ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆመው ነበር። ከኋላቸው ታክሲዎች ይጮኻሉ፣ ነጋዴው ዕቃውን ይሰበስባል። ቃለአብ የድልድዩን ብረት ተደግፎ ጠየቃት።

«እውነት ንገሪኝ፣ ለምንድን ነው የምትንቂኝ?»

«ጫማህ ስለሚያብለጨልጭ።»

«መወልወሉን ብተወውስ?»

«ያኔ ሌላ እፈልግልሃለሁ።»

እሱ አልሳቀም። ቀስ ብሎ እጁን ብረቱ ላይ ወዳስቀመጠችው እጇ አስጠጋና እላዩ ላይ አኖረው። ትብለጽ አላነሳችውም። ያን ጊዜ እንደምትወደው አወቀች፤ በማወቋም ተናደደች። ቤቷ ስትደርስ ደግሞ መንገድ ላይ ቆማ ያለችው የበሬ ጆሮ ትዝ አላትና ንዴቱ ወደ ፍርሃት ተቀየረ።

ፀጉር ያው ፀጉር ነው እያለች ራሷን ለማሳመን ሞከረች። አጉል ልማድ ነው፣ ለዚህ ብዬ ፍቅሬን አላጣም አለች። ይህን ሁሉ ስትል ግን መሪጌታ ብሩሹን በነጭ ጨርቅ ሲጠቀልሉ ይታያታል። አንዳንድ ቀን ልትነግረው አፏን ትከፍትና ሌላ ነገር ትናገራለች።

ታኅሣሥ ላይ፣ በጾሙ መካከል፣ ከፊቷ በቀር ሥዕሉ አለቀ። መሪጌታ ትብለጽን አስጠሯት። በቤታቸው ከአባት የወረደ ደንብ አለ፤ ፊቷ ከመጀመሩ በፊት ሠዓሊው ጾሞ ይቆማል፣ ጣውላውን የሰጠውን፣ ቀለሙን የገዛውን፣ ብሩሹን ያመጣውን በስም እየጠራ ይጸልያል። ቀጭኑን ብሩሽ ከጨርቁ አውጥተው፣ በሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸው መሀል ይዘው፣ እንደ ልጃቸው አዩዋት።

«የብሩሹ ባለቤት አንቺ ነሽ። ክርስትና ስምሽ ማነው ልጄ?»

ቃለአብ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሎ ያያታል። ስሟን ብትናገር ነገሩ አለቀ፤ እሷ እስካልተናገረች ድረስ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ልታገባው ትችላለች፣ ሥዕሉም ቤተክርስቲያን ይገባል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን ያን ዕለት በቀላሉ የዋሸችው ሞኝ ናቸው ብላ ስለናቀቻቸው ነበር። አሁን ከፊቷ የቆሙት ሰው ሞኝ አልነበሩም። ስላመኗት ብቻ ነው የተታለሉት።

«መሪጌታ፣ የበሬ አይደለም» አለች። «የአሳማ ነው። እያወቅኩ ነው የሰጠሁት።»

መሪጌታ ብሩሹን አልወረወሩትም። ከሥዕሉ ሥር በተነጠፈው ጋዜጣ ላይ አስቀመጡት። ወደ ጓሮ ወጥተው እጃቸውን ሲታጠቡ የውሃው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ተመልሰው ሲመጡ ልጃቸውን ሥዕሉን ከማስደገፊያው እንዲያወርደው አዘዙት፤ ከዚያ ወደ ትብለጽ ዞሩ።

«ውሰጂው» አሏት። «ጣውላው ደህና ጣውላ ነው። ለእናንተ ዓይነት ሥዕል ይሆናል።»

«ለእናንተ» ሲሉ ቁጣ አልነበረበትም። ትብለጽ በሕይወቷ ስንቱን ስትንቅ እንዲህ ባለ ለስላሳ አፍ ተንቃ አታውቅም።

ቃለአብ ሥዕሉን እስከ ግቢው በር ብቻ ተሸከመላት።

«ሥዕሉን ብቻ የምትንቂ ነበር የሚመስለኝ» አላት። «እሱን ችዬዋለሁ።»

«ቃለአብ፣ ያኔ አላውቅህም ነበር።»

«አዎ። የማታውቂውን ሰው ነው እንዲህ ያደረግሽው። ፊቴን እያየሽ።»

መልሷን አልጠበቀም። በሩን ዘጋው።

ቁመቱ ደረቷ የሚደርስ ጣውላ አቅፋ ፒያሳን አቋርጣ ሄደች። መጎናጸፊያውን ከሩቅ አይተው ሊሳለሙ የተጠጉ እናቶች፣ የተሣለችው ፊት እንደሌላት ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። አንድ ጎልማሳ ሎተሪ አዟሪ ቀና ብሎ አያትና «እህቴ፣ ጭንቅላቷን የት ጣልሽው?» ሲል ጓደኞቹ ሳቁ። በሌላ ቀን ቢሆን ሰባት ዓመት የማይረሳው መልስ ትሰጠው ነበር። ያን ቀን አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ከገና በኋላ ሰመረ ለጋራ አውደ ርዕይ ሥዕል ሊመርጥ ወደ ክፍሏ መጣ። ሥራዎቿን ለዓመታት በትህትና ሲያልፋቸው የኖረ ሰው ነው። ጥግ ላይ የቆመችውን ፊት አልባ እመቤት ሲያይ ግን ከጉልበቱ ሸብረክ አለ። ማንነቷን የተነጠቀች እናት፣ የዘመናችን ዝምታ፣ ትውፊት ከዘመናዊነት ጋር ሲጋጭ፤ ያላለው ነገር አልነበረም። መሀል ግድግዳ ላይ ይሰቅላታል፣ ስሟን በትልቁ ይጽፋል፣ ከኤምባሲ የሚመጡ ሰዎች ሳያዩ አያልፉም። ትብለጽ ከትምህርት ቤት ከወጣች ጀምሮ የጠበቀችው ቀን ይኸው ደጇ ድረስ መጣ።

«ፊቷን መተውሽ ነው ድፍረቱ» አላት ሰመረ።

ትብለጽ ጥቁር ሸሚዙን፣ ጠበብ ያለች መነጽሩን፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ጣቶቹን አየች። በየቦታው ስትበትነው የኖረችው ንቀት አንዴ እንኳን የሚገባው ሰው ፊት ቆመ።

«ድፍረት አይደለም» አለችው። «አላለቀም። ሠዓሊውም እኔ አይደለሁም።»

ሰመረ ሳቀ፤ ይህም የሥራው አካል መስሎት ነበር። በሩን ከፍታ ይዛ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ንጹሕ ነጠላዋን አውጥታ ሥዕሉን ሸፈነችው፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፣ አለቀሰች። ልቅሶው ስለ አውደ ርዕዩ አልነበረም። መሪጌታ አሁን ምን ይዘው እንደሚሠሩ ስለምታውቅ ነው። ለስላሳውን፣ መንቀጥቀጣቸውን የሚከተለውን የፍየል ፀጉር።

በማግስቱ፣ ቃለአብ ሥራ በሚውልበት ሰዓት፣ ማንም ሳይጠራት ሄደች። መሪጌታ አዲስ ጣውላ ፊት ተቀምጠዋል። በቀኝ እጃቸው ብሩሹን ይዘዋል፣ በግራቸው የቀኛቸውን አንጓ ይዘዋል፣ ሁለቱም እጆች ይንቀጠቀጣሉ። የመጎናጸፊያው ጠርዝ ከላይ እስከ ታች የተሰባበረ ነው። ቀና ብለው አዩዋት፣ ሰላምታ አልሰጧትም፣ ሂጂም አላሏትም።

ትብለጽ ጫማዋን አወለቀች። ዱካ ስባ ከጎናቸው ተቀመጠችና በሌላ ነጠላ የተሸፈነ እጇን ከክርናቸው ሥር አስገባች። መንቀጥቀጡ ወደ ክንዷ ገባ፤ ደገፈችው፣ ያዘችው፣ እዚያው እሷ ውስጥ ቀረ። ብሩሹ ሄደ። መስመሩ ቀጥ ብሎ እስከ ጣውላው ጫፍ ወረደ።

የመስኮቱ ብርሃን እስኪደክም ሠሩ። ክንዷ ደንዝዞ የራሷ አልመስል አላት። ቃለአብ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አያቸውና ወደ ጓሮ አለፈ። ስትወጣ የግቢው በር ላይ አገኘችው።

«ማንም አልጠራሽም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ነገስ?»

«ነገም አልተጠራሁም። እመጣለሁ።»

መጣችም። በየቀኑ መጣች። ያንኑ የተገለበጠ፣ ስትስቅበት የኖረችውን ሥዕል፣ ያንኑ ሰማያዊ፣ እነዚያኑ ረዣዥም ጣቶች፣ በክንዷ ተሸክማ አሠራቻቸው። እውነቱ ይነገር ከተባለ አሁንም ረዝመዋል ትላለች። መሪጌታ አያናግሯትም፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችም፣ መጠየቅ መገላገል መሰላት። ቃለአብ መጀመሪያ ከጎኗ ሻይ ማስቀመጥ ጀመረ። ቀጥሎ ዱካው ላይ ትራስ አደረገላት። አንድ ማታ እስከ ታክሲ ሲሸኛት ቆም አለ።

«ልንቅሽ ብዙ ሞከርኩ» አላት። «አልቻልኩም። አንቺ ቀኑን ሙሉ እንዴት ነው የምትችዪው? ያደክማል እኮ።»

ትብለጽ ስትስቅ እንባዋ መጣ። መንገዱ መሀል ቆመው አንገቱ ሥር ተወሸቀች፤ የታክሲው ረዳት ጥሩምባ እስኪያስነፋባቸው ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

ፊቷ በሚሠራበት ቀን መሪጌታ ጾመው፣ ጸልየው ተቀመጡ። ትብለጽም ውሃ አልቀመሰችም። ቀኙ ዓይን ወጣ። ወደ ግራው ሲሻገሩ መሪጌታ ከጣውላው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ ከዚያች ከጥቁር ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሯት።

«ከፍ አድርጊው ልጄ።»

ትብለጽ ከፍ አደረገችው። «ልጄ» የሚለው ቃል ግን ክንዷ ድረስ ወርዶ ነበር። ስትንቀጠቀጥ ተሰማት፤ የሽማግሌው ሳይሆን የራሷ መንቀጥቀጥ ነበር፣ ልትይዘውም አልቻለችም። ብሩሹ አብሯት ተንቀጠቀጠ። መሪጌታ መስመሩን አዩት፣ ትንሽ አሰቡ፣ አልደመሰሱትም።

ለየካቲት ኪዳነ ምህረት ሥዕሉ በነጭ ሐር ተሸፍኖ ወደ መንደሩ ሄደ። ካህናቱ ገልጠውት ዕልልታው ሲቀልጥ፣ ትብለጽና ቃለአብ ከሕዝቡ መሀል በአንድ ጎን ቆመው ነበር።

«ግራ ዓይኗ ዝቅ አላለም?» አላት ቃለአብ በሹክሹክታ።

«ብሏል» አለች። «እኔ ነኝ ያጣመምኩት። ዝም በል።»

የደብሩ አስተዳዳሪ ለሥዕሉ ባለሙያ ሊጸልዩ ማን እንደሠራው ጮክ ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ገብረክርስቶስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመው ነበር፤ ዞር ብለው በሕዝቡ መሀል ፈለጓትና አገኟት።

«እኔና ምራቴ» አሉ።

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ትብለጽ ዞረ። መሬቱ ቢከፈትላት ትገባ ነበር። ቃለአብ ፊቱ በርበሬ መስሎ ጎንበስ አለ።

«እኔ እኮ ገና አልጠየቅኩሽም» አላት።

«አንተን ማን ጠየቀህ» አለችው፤ እጁን ግን አጥብቃ ያዘችው።